አንበሳው ስድስት ኪሎ፣ ዓሣው ሳህን ላይ

የእንስሳት ማቆያን፣ የዓሣ ማሳያንና የዕፅዋት ማዕከልን በአንድ አጥር ከልሎ በአንድ ቲኬት ማስጎብኘት በብዙ የዓለም ከተሞች የታወቀ አሠራር ነው። በጀርመን የሽቱትጋርት ከተማ ዊልሄልማ የሚባለው ግቢ ቀድሞ የንጉሥ ማረፊያ ነበር፤ ዛሬ ሦስቱንም አጣምሮ ይዟል። በአሜሪካ የአልበከርኪ ከተማም ሦስቱ በአንድ ተቋም ሥር ናቸው። እዚያ ጎብኚው ማለዳ ከዝሆን ይጀምርና በሻርክ በኩል አልፎ ከሰዓት በኋላ ቁልቋል ላይ ይጨርሳል። አዲስ አበባም ሦስቱም አሏት፤ የጎደላት አጥሩ ብቻ ነው። አንበሳው ስድስት ኪሎ ነው፣ ዕፅዋቱ ጉለሌ፣ ዓሣው ደግሞ በአብዛኛው ሳህን ላይ። ማጣመሩ ለጎብኚው ጉልበትና ለሚኒባስ ታክሲ የተተወ ሥራ ሲሆን፣ ሥራው ከየትም በላይ የሚቃናው ከየካ ኮረብቶች ተነስቶ እንጦጦ ራስ ላይ በሚወጣው ሸንተረር ነው።

አገሪቱ የራሷን አራዊት በአጥር ከልላ ከማሳየቷ በፊት ወደ ሰው አጥር ስትልክ ኖራለች። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ሰደዱ። ፓሪስ በዚያን ጊዜ ዕፅዋትንና እንስሳትን በአንድ ግቢ ማሳየት ከጀመረች ወደ መቶ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። እንስሳው ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ኤሚል ኡስታሌ የተባለ ተመራማሪ ግን ዝርያው ለሳይንስ አዲስ መሆኑን አይቶ በፕሬዝዳንቱ ስም ሰየመው። ስለዚህ እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት የግሬቪ የሜዳ አህያ እየተባለ ይጠራል። ስጦታውን የላከው ተረስቶ የተቀበለው ተመዘገበ ማለት ነው። በሠርግ ቤት የስጦታ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢፈጸም ሁለት ቤተሰብ ያኳርፍ ነበር።

አገር ቤት ውስጥ የከተማው ሕዝብ አንበሳን በወጉ ቆሞ ማየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ስድስት ኪሎ ላይ ባሠሩት አንበሳ ግቢ ነው። የግቢው መሥራች ቤተሰብ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ነበሩ። ጎፈራቸው ጥቁር ሲሆን፣ ከአንገት አልፎ ደረትንና ሆድን ይዞ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የዘር ምርመራ ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ናሙና ወስዶ በዘር ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው እንዳገኛቸው አስታውቋል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ዜና ሲሰማ ብዙም አልተደነቀም፤ የእኛ አንበሳ ልዩ ነው ለማለት ማስረጃ ጠይቆ አያውቅምና።

ችግሩ ያለው ከአንበሳው ከራሱ ነው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተጋድሞ የሚውል ፍጡር ሲሆን፣ ጎብኚው ግን የከፈለበትን ግሣት ሰምቶ መሄድ ይፈልጋል። አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ሦስተኛው ራሱ ያገሣል። አንበሳው አንድ ዓይኑን ገልጦ ያያቸውና መልሶ ይጨፍናል። በአጥሩ ፊት የሚሰማው ጭውውትም በየትኛውም ቅዳሜ ያው ነው።

«አባዬ፣ ለምን ይተኛል?»

«ደክሞት ነዋ።»

«ምን ሠርቶ?»

አባት እዚህ ላይ ሰዓቱን ያያል። ለነገሩ አባትነት እንዲህ ባለ ቦታ ከአስጎብኚነት ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ሹመት ነው። የተሾመው ሰው የጭላዳን አመጋገብም ሆነ የኤሊን ዕድሜ አላውቅም ማለት አይፈቀድለትም። ቁጥር ይጠራል፣ ልጅም ያንን ቁጥር ሰኞ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክም ባለጥቁር ጎፈር አንበሶቹን ያሳያል። እዚያም አንበሳው ይተኛል፤ ነገር ግን የሚተኛው ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ለመቀስቀስ የሚደፍረው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ከስድስት ኪሎ ወደ ተራራው የሚወስደው የተለመደ መንገድ በሽሮ ሜዳ ነው። በግራና በቀኝ የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ እየታየ ታክሲው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። የየካ ሰው ግን የራሱ መንገድ አለው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጀርባ በጉራራ በኩል፣ በባሕር ዛፉ መሐል በእግሩ ይወጣል። ከኮተቤ በኩል የሚነሳው ደግሞ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራውን፣ ጣሪያው የፈረሰውን የየካ ዋሻ ሚካኤልን ጎራ ብሎ ሊያይ ይችላል። እንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ሲሆን ከታች ያለው የመገናኛ ሰፈር ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያልቀው ወሬ ነው። ከታች የአገሪቱን ኢኮኖሚ እየተነተነ የተነሳ ቡድን ሁለተኛው ዳገት ጋ ሲደርስ ሐሳቡን በእጅ ምልክት መግለጽ ይጀምራል። ይህ በእንዲህ እንዳለ ለልምምድ የወጡ ሯጮች እርስ በርሳቸው እየተጨዋወቱና እየሳቁ አጠገቡ ሽው ብለው ያልፋሉ። ተራራው ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰሉ አትሌቶች የሠለጠኑበት ነው። ጎብኚው ይህን የሚያስታውሰው ዛፍ ተደግፎ ሲያበቃ ሲሆን፣ ለቆመበት ምክንያትም «እይታው እንዴት ያምራል!» ይላል።

የዕፅዋቱ ክፍል እዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያው ዕፅ የውጭ ዜጋ ነው። ባሕር ዛፍ ተወላጅነቱ የአውስትራሊያ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሞንዶን ቪዳዬ በተባለ ፈረንሳዊ አማካይነት እንደገባ ይነገራል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ጥድና ወይራ ነበር። ከተማው ወደ ፍልውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ ግን ጥዱም ወይራውም ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ሲጠፋ መናገሻን መቀየር የቆየ ልማድ ነውና ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። በዚህ መሐል ባሕር ዛፉ ፈጥኖ ደረሰ፤ ከተማዋም ባለችበት ረጋች። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ዋጋ የሚያማርር ሁሉ ምሬቱን በከፊል ለዚህ ዛፍ ቢያቀርብ አያስነቅፈውም።

ዛፉ በበኩሉ የሚጣል ነገር የለውም። ግንዱ አጣና ሆኖ ፎቅ ሲሠራ መወጣጫ ይሆናል፤ ቅጠሉ ደርቆ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጉንፋን የጠናበት ሰው ቅጠሉን አፍልቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይታጠንበታል። የዕፅዋት ባለሙያዎች ግን አይወዱትም። ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት፣ ነገር ግን የማይጠየቁት እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ናቸው። ከተሸካሚዋ ቁመት የሚረዝም የጭራሮና የቅጠል ሸክም በገመድ ታስሮ ወገብ ላይ ይጫንና ተራራው ይወረዳል። ጎብኚው ለመዝናናት ሲወጣ እነሱ ለኑሮ ይወርዳሉ። ጠባቡ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ማን መልቀቅ እንዳለበት ማንንም ሊያከራክር አይገባም፤ ሆኖም መሐል መንገድ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳ አይታጣም።

አገር በቀሉን ዕፅ በስሙ ማየት የፈለገ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ጉለሌ ይገባል። የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዞ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የቆመ ነው። በሥራው ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በዘለቀ ሥራ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግበው በስምንት ጥራዝ አሳትመዋል። የተመዘገቡት ዝርያዎች ወደ 6,000 ይጠጋሉ፤ ከመቶ አሥር ያህሉ ከዚህ ምድር ሌላ የትም አይበቅሉም።

ይሁንና በማዕከሉ ውስጥ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከጽሑፉ ሳይሆን አብረው ከመጡ አያት ነው። አያት ነጠላቸውን አጣፍተው በቀስታ ይሄዳሉ፤ ድንገት ይቆማሉ። አንድ ቅጠል ቀንጠስ ያደርጉና በመዳፋቸው አሽተው ያሸታሉ። «ይሄማ ዳማከሴ ነው» ብለው ለልጅ ልጃቸው አፍንጫ ያስጠጋሉ። የግቢው ጥበቃ ከሩቅ አይቶ ይመጣል።

«እማማ፣ መቁረጥ ክልክል ነው።»

«አልቆረጥኩም ልጄ፣ ሰላም አልኩት እንጂ። አንተስ ራስህን ሲያምህ ምን ታደርጋለህ?»

ጥበቃው ፓናዶል እንደሚወስድ ለመናገር ያፍራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉብኝት ሦስት ሰው ሆኖ ይቀጥላል፦ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ግራዋ፣ እንቧጮ። ኮሶ ጋ ሲደርሱ አያት ፊታቸው ይኮማተራል። ዛፉ በላቲን ሀጌኒያ አቢሲኒካ ተብሎ ሲጠራ ሽቶ ይመስላል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ይጋተው የነበረ የትል መድኃኒት መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ግን ከሥሩ ቆሞ ፎቶ አይነሳም።

የዱር እንስሳቱ ክፍል አጥር የለውም፤ የሰዓት ልክ ግን አለው። ቀን የወፎች ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ማንቁሩ የወፈረ ቁራ ከምግብ አይለይም። ከአገጩ ሥር ሥጋ የሚያንጠለጥለውና ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኘው ባለረጅም ማንቁር ወፍ ደግሞ ንጋትና ምሽት ላይ በመንጋ እየጮኸ ያልፋል። ጩኸቱ በሰው ላይ የሚስቅ ስለሚመስል አዲስ መጤው ጎብኚ ልብሱን ያስተካክላል። ጦጣ በመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሙዝ ቀረጥ ይሰበስባል። የሰው ኮቴ ከሩቅ ሰምቶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሰወረው ጠይም ድኩላ ደግሞ በሳይንስ የምኒልክ ድኩላ ይባላል፤ የሜዳ አህያው ስም ለግሬቪ ቢሄድም ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ አንድ እንስሳ ደርሷቸዋል ማለት ነው።

ሌሊቱ የጅብ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበናና ኮተቤ የሚኖር ሰው ጅብ ለማየት ሳይሆን ላለማየት ነው የሚከፍለው፤ ክፍያውም የዘበኛ ደመወዝና የብረት በር ነው። ምኒልክ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ለጋሲዮኖች (ለዛሬዎቹ ኤምባሲዎች) የሰጧቸው ሰፋፊ ግቢዎች እስከ ዛሬ ደናቸውን እንደያዙ አሉ፤ የፈረንሳዩ ብቻ ከ40 ሄክታር ይበልጣል። ጅቦች እዚያ ይጠለላሉ ይባላል። እውነት ከሆነ በከተማዋ ያለመከሰስ መብት ያላቸው ብቸኛ የዱር እንስሳት ናቸው። ጅብ ቆሻሻውን፣ አጥንቱንና ጥንቡን አንስቶ ከተማ የሚያጸዳ፣ ደመወዝ ያልተቆረጠለት ሠራተኛ ነው። የቀን መቁጠሪያም ያውቃል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ፋንድያ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምረው ነበር። ሕዝቡ ሲጾም የሥጋ ትርፍራፊ ስለሚጠፋ ጅቡ ወደ አህያ ዞሯል፤ የአህያ ፀጉር መጠን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጾሙ ሲፈታ መጠኑ መልሶ ቀንሷል። አህያ ዐቢይ ጾምን በምን ዓይን እንደሚያየው የተጠና ነገር የለም። ሌሊት ኪዳን ለማድረስ ወጥተው ጅብ የሚያጋጥማቸው እናቶች ግን ጥናቱን ሳያነቡ ዱላ ይዘው ይሄዳሉ።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም እንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ሲከፈት ተራራው ላይ አንድ ተጨማሪ የፍጡራን ዓይነት በብዛት መታየት ጀመረ፤ እሱም ጎብኚው ራሱ ነው። በፓርኩ የፈረስ ግልቢያ፣ የብስክሌት መንገድ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ በዛፎች መሐል መንሸራተቻ፣ ምግብ ቤትና ቡና ቤት አለ። ከጎብኚ ዝርያዎች ሁሉ ደማቁ የሙሽራ አጀብ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት በብዛት ይታያል፤ በመንጋ ይንቀሳቀሳል፤ ከፊቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ቪዲዮ አንሺ አለው። ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በጭቃው መሐል ስትራመድ ሚዜዎቿ ጫማዋን ይዘው ይከተላሉ። ቪዲዮ አንሺው «አሁን ዝም ብላችሁ ተፈጥሮን እዩ» ይላል፤ ሙሽሮቹ ተፈጥሮን ያያሉ። «አንድ ጊዜ እንደገና፣ ፈገግ እያላችሁ።» በዚህ ሁኔታ አንድን ጥድ አሥር ደቂቃ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ሰዎች ከዕፅዋት ተመራማሪ ሌላ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚህ ሁሉ ታጋሹ ፈረሱ ነው። በቀይና በቢጫ ጥለት አጊጦ፣ ገመዱን በያዘ ጎረምሳ እየተመራ፣ በእግር ከሚሄደው ሰው ፈንጠር ሳይል ይራመዳል። የተቀመጠበት ጎብኚ ግን ፊቱ ላይ ዘማች ይነበብበታል። በዕድሜ ገፋ ያሉት ደግሞ ፓርኩንም ፈረሱንም ሳያዩ፣ ቢጫ ጄሪካን ይዘው ከዚያው ታክሲ ወርደው ወደ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ይታጠፋሉ።

የሚቀረው የዓሣው ክፍል ነው፤ ለዚህ ደግሞ በመጀመሪያ ውኃውን ማወቅ ያሻል። የእንጦጦ ጠርዝ የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የወረደ ዝናብ ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባና ሜዲትራንያን ድረስ መንገድ አለው። አንድ እርምጃ ወደ ደቡብ የወረደው ግን በቀበና በኩል አቃቂን፣ ቀጥሎም አዋሽን ተከትሎ ይሄዳል፤ አዋሽ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ተራራው ላይ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ውኃ በሁለት እግሩ መሐል ከፍሎ መቆም ይችላል፤ ዓሣ ግን አያይም። የቀበና ወንዝ ለረጅም ዓመታት ሲያሳይ የኖረው በአብዛኛው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ዓሣን የሚጎበኘው ከተራራው ወርዶ፣ በዓሣ ቤት ነው። ማሳያው ከባቱ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና ይመጣል። ጣና ውስጥ ላቤኦባርበስ የሚባሉ 15 ያህል ተቀራራቢ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ሳይንቲስቶች በአፋቸው ቅርጽ፣ በአመጋገባቸውና በመራቢያ ቦታቸው ለመለየት ዓመታት ደክመውባቸዋል፤ ወጥ ቤት ሲገቡ ሁሉም ዓሣ ጉላሽ ናቸው። ቆሮሶ ግን ማንነቱን አያጣም። ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ፣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ጅራቱ ወደ ላይ እንደተቃና፣ ከዳቦ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። በዐቢይ ጾም መቀመጫ አይገኝም። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር በየጠረጴዛው ይነሳል፤ ተከራካሪዎቹ መልሱን ሳያገኙ ሳህኑን ይጨርሳሉ። እሾህ ጉሮሮው ላይ የተሰካበት ሰው ደረቅ ዳቦ በትልቁ ጎርሶ እንዲውጥ ከየአቅጣጫው ይመከራል። ልጆች እዚህ ክፍል ላይ ከአንበሳው የበለጠ ይጠይቃሉ፤ ዓይኑ ለምን ያፈጣል፣ ይሰማል ወይ ይላሉ። አባትም ከሌላው ክፍል ሁሉ ተሽሎ ይመልሳል፤ አፉ ሙሉ ስለሆነ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። በአንበሳው አጥር ፊት የሚከፈለው መግቢያ ነው፤ የዓሣው ክፍል ግን ሒሳቡ የሚከፈለው ሲወጣ ነው።